እናቴ እሳት የጫረችባቸው ሰፈሮች

እናቴ ጁባ ላይ ቤት የመረጠችው በየሰፈሩ እሳት እየለመነች ነው። ሰው ቤት ሲገዛ ጣሪያውን ያያል፣ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ይፈልጋል። እሷ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልንገዛው ካሰብነው ቤት አጠገብ ያለውን በር ታንኳኳና "እሳት ልጭር ብዬ ነው" ትላለች። ቦርሳዋ ውስጥ ክብሪት ነበር። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ክብሪቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ በእኔ ስሌት ነገሩ ከሁለት አንዱ ነበር፦ ወይ ደህይተናል፣ ወይ እማዬ አብዳለች።

ወደ ጁባ የመጣነው አባቴ በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት መሐንዲስ ሆኖ ስለተቀጠረ ነው። ሥራው ከከተማው ሩቅ ነበር። አንዴ ከወጣ ሳምንታት ይቆያል፤ ስልኩም አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ድርጅቱ ለቤት የሚሆን ድጋፍ ስለሰጠው ቤታችን ውስጥ "ቤት ልንገዛ ነው" ይባል ነበር። ለውጭ አገር ሰው መሬቱ በስሙ እንደማይሆን፣ የገዛነውም የረጅም ዓመት ሊዝ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ለእኔ ቤት ቤት ነው።

ያላወቅሁት ሌላም ነገር ነበር። ይኼኛውን ግን እናንተ ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል፣ እንደ እኔ እንዳትንከራተቱ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንኖር፣ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና ደረጃው ላይ ወድቃለች። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ አባቴ ሥራ። ጮኸች። በደረጃው ግራና ቀኝ ካሉት በሮች አንዱም አልተከፈተም፤ ሰው ስላልነበረ ይሁን ቴሌቪዥኑ ስለጮኸ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ልጁ አልተረፈም። ለእኔ የተነገረኝ "እማዬን ሆዷን አሟት ነው" የሚል ብቻ ነው፤ እኔም የበላችው ነገር ይሆናል ብዬ ተውኩት። እንግዲህ ጁባ ላይ ትፈልግ የነበረው ግድግዳና ጣሪያ ሳይሆን ስትጮህ የሚከፈት በር ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኘች እሷና እኔ ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ፣ አባቴም ብቻውን ሊቀር ተስማምተዋል።

በዚያ ሰሞን ያረፍነው ጁባ ታውን፣ አንድ የአገራችን ሰው ሆቴል ውስጥ ነው። ክፍላችን ኮንቴይነር ነበር፤ ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል። ቤት የሚያሳየን እሱባለው የሚባል ደላላ ነው። ካስተም ገበያ ከኡጋንዳ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች በሚራገፉበት አካባቢ ሲሠራ ስለኖረ የማያውቀው ሰው የለም። ቀጭን፣ ወሬኛ፣ እናቴን ከእሱ ብዙ ሳትበልጠው "እትዬ" የሚል ሰው ነበር። እሳት ልመናውን መጀመሪያ ያየ ቀን ወደ እኔ ዞር ብሎ "ምን ሆና ነው?" በሚል ዓይን አየኝ። እኔም በዚያው ዓይን መለስኩለት።

መጀመሪያ ያሳየን እዚያው ጁባ ታውን ከሱቆች በላይ ያለ ቤት ነው። እማዬ ጎን ያሉትን በሮች ሁሉ አንኳኳች፤ ዕቃ የታጨቀባቸው መጋዘኖች ናቸው። ቆርቆሮዋን ይዛ ወረደች።

ሁለተኛው ግን፣ ወይ ሁለተኛው! ቶምፒኒ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ አረንጓዴ በር ያለው፣ ጀኔሬተር ያለው፣ ግቢው ውስጥ ዥዋዥዌ የተሰቀለበት ቤት። እኔ ዥዋዥዌው ላይ ተቀምጬ የትኛው መስኮት የእኔ እንደሚሆን ስመርጥ እማዬ ወደ ጎረቤቱ ግቢ ሄደች። ተከትያት ሮጥኩ፤ እንዳታዋርደን ልጠብቃት ነው። የብረቱ በር ላይ ትንሽ መስኮት ተከፈተች፣ የዘበኛ ዓይን ታየ፣ ተዘጋች። ቆየንና መስኮቷ ደግሞ ተከፈተች፤ እጅ ወጣ። እጁ ላይ አዲስ ላይተር አለ፣ ገና ማሸጊያው ያልተቀደደ።

"ማዳም ውሰዱት ብላለች፤ መመለስ አያስፈልግም" ብሎ ተረጎመልን እሱባለው፣ በኩራት፣ እሱ የሰጠ ይመስል።

እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። እሳት ብንለምን ላይተር ሰጡን! ደግ ሰፈር ማለት ይህ ነው። እማዬ መስኮቷን አመሰገነች፤ ሰው አልነበረበትም እንጂ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገባችና "ይኼኛው አይሆንም" አለች።

"እትዬ፣ ደኅንነቱ የተረጋገጠ ሰፈር ነው፤ የዩኤን ሰዎች ናቸው የሚኖሩበት" አለ እሱባለው።

"አየሁ እኮ። የኔን ሳይሆን የነሱን ደኅንነት ነው ያረጋገጡት።"

ያን ቀን ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ለአንድ ሌሊት መጥቶ ነበር፤ ጫማው ላይ ያለው ቀይ አፈር ገና አልተራገፈም። "አባዬ፣ እማዬ ክብሪት እያላት እሳት ትለምናለች" አልኩት በጆሮው። ስቆ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳቁን አቆመና ራሴን ዳበሰኝ። "እናትሽ የምታደርገውን ታውቃለች" አለኝ።

እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው ቀስ ብለው ሲነጋገሩ ሰማሁ። አባቴ "ሉሊዬ፣ የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ሆቴል ውስጥ እንዲህ ሆነሽ ጥዬሽ አልሄድም፤ ካልሆነ ትመለሳላችሁ" አለ።

"የት? ጀሞ? እዚያ በር ጠፍቶ ነው እንዴ? በርማ ሞልቶ ነበር" አለች እማዬ።

እኔም ተኝቼ ነገሩን አሰላሰልኩ። በር የበዛበት ቤት አትፈልግም ማለት ነው፤ በር ይወደዳል መሰለኝ። በእርግጥ ደህይተናል።

ማንጋቴን የሚባለው ሰፈር የሄድነው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እሱባለው ራሱ ልቡ አልነበረበትም፤ "ለናንተ የሚሆን አይደለም፣ ግን ከሚቀር ላሳያችሁ" ሲል ነው የመጣው። ቀይ አፈር መንገድ፣ ፍየሎች፣ የኒም ዛፍ ሥር የሚንጫጩ ልጆች። ቤቱ ሁለት ክፍል፣ መታጠቢያው ውጭ፣ ከጎረቤት የሚለየውም የሸንበቆ አጥር ብቻ። ዥዋዥዌ የለም። እኔ እዚያው ጠላሁት።

እማዬ ቤቱ ውስጥ እንኳ ሳትገባ ቆርቆሮዋን ይዛ ወደ ጎረቤት አለፈች። የግቢው መግቢያ በር ስላልነበረው የምታንኳኳው ነገር አጣች። ውስጥ አንዲት ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ ሴት የከሰል ምድጃ ላይ ኩድራ ታማስላለች። ኩድራ እዚህ አገር ከቤት የማይጠፋ ቅጠል ነው፤ ሲበስል ይዝለገለጋል። ማማ ኪደን ናት። ያኔ ስሟን አላውቅም።

"ሳላም ታኪ" አለች እማዬ፤ ከእሱባለው የተማረችው ሰላምታውንና የእሳትን ስም ብቻ ነው። "ናር" አለች ቆርቆሮውን ዘርግታ።

ሴትየዋ ቆርቆሮውን አየች። ነጠላውን አየች። እኔን አየች። ከዚያ የእማዬን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች። እሳቱ ከፊቷ እየነደደ እሳት አልሰጠችም! ጥያቄ ጀመረች። "ኢታ ጄ ሚን ወየን? ራጂል ታኪ ወየን?"

"ከየት መጣሽ ነው የምትለው" አለ እሱባለው። "ባልሽስ የት አለ? ትላለች።"

"ከአዲስ አበባ በላት። ባሌ መንገድ ይሠራል፤ ሩቅ ነው በላት።"

"እሱ ሲሄድ ታዲያ ከማን ጋር ትሆኛለሽ?"

"ከልጄ ጋር።"

"ይቺ ብቻ ናት ልጅሽ?"

እማዬ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰበሰበች። ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣችና መዳፏን እማዬ ሆድ ላይ አሳረፈች። እንደ ራሷ ሆድ! ከዚያ እሱባለውን አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱባለው ወደ እማዬ አየ፣ ወደ መሬት አየ።

"እትዬ፣ ይሄን እንኳ እኔ አልተረጉምም" አለና የቤቱን ጣሪያ ልይ ብሎ ሄደ።

እኔ መተርጎም አላስፈለገኝም። "ወፍራም" ብላ ሰድባታለች። ለዚህ ማስረጃው እማዬ ማልቀሷ ነው፤ ቆርቆሮዋን እንደያዘች፣ ቆማ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሴትየዋ የፕላስቲክ ወንበር ጎትታ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ እሷም ከፊቷ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በጁባ አረብኛ ያወራሉ፤ አስተርጓሚው ጣሪያ ላይ ነው። እማዬ በሁለት ጣቶቿ አየር ላይ ደረጃ ስትወርድ አየሁ። ከዚያ ጣቶቹ ወደቁ። ሴትየዋ "መሌሽ፣ መሌሽ"፣ አይዞሽ እንደማለት፣ እያለች ጉልበቷን ስታሻት ቆየች። ለእኔ ደግሞ ሙሉ ሳፋ ኩድራ ሰጥታ ቅጠሉን ከግንዱ እንድለቅም በእጇ አሳየችኝ። እንግዳ ሥራ ሲታዘዝ የት ታይቶ ነው? እየተነፋነፍኩ ለቀምኩ።

በመጨረሻ ሁለት ፍም ቆርቆሮው ውስጥ ከትታ አመድ አለበሰችና ራሷ ይዛው ወደ ባዶው ቤት ሄደች። ምድጃ የለም፣ ድስት የለም። ፍሙን መሬት ላይ ደፋችው። ሁለቱ ሴቶች ቆመው አዩት።

"ይህ ነው" አለች እማዬ።

"እትዬ፣ ቤቱን ገና አላየሽውም እኮ!" አለ እሱባለው፣ ልብሱ ላይ የሸረሪት ድር ተጣብቆ።

"አይቼዋለሁ።"

ማማ ኪደንን ስለዚያ ቀን የጠየቅኋት ካደግሁ በኋላ ነው። ሳቀችብኝ። "ክብሪት በየሱቁ ሞልቶ፣ ከመኪና ወርዳ፣ ነጭ ለብሳ እሳት የምትለምን ሴት እሳት አልጠፋባትም" አለችኝ። "ሰው ነው የጠፋባት። ሰው የጠፋበትን ደግሞ መጀመሪያ ማንነቱን ትጠይቂዋለሽ እንጂ ዝም ብለሽ እሳት ሰጥተሽ ትሸኚዋለሽ?" ላይተር የሰጠችን ሴትዮ ክፉ ነበረች አልልም። የተጠየቀችውን ሰጠች፣ እንዲያውም አብልጣ። እናቴ የፈለገችው ግን ከሩቅ ዘመድ የሚሻለውን የቅርብ ጎረቤት ነበር፤ እሱ ደግሞ በትንሽ መስኮት አያልፍም።

ገባን። አባቴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ግን ረገብ ያለ ይመስለኝ ነበር። እኔ የቀረኝ ነገር ቢኖር ማማ ኪደንን መቻል ነው። በየጠዋቱ፣ ገና ዓይናችን ሳይገለጥ፣ ከአጥሩ ማዶ ትጣራለች፦ "ሉሊት! ኢታ ፊ?" አለሽ ወይ? ማለቷ ነው። እማዬም ካለችበት ሆና "አና ፊ!" ትላለች፤ አለሁ። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይደገማል፤ ሲመሽም ይደገማል። የት ልትሄድ ኖሯል? ይቺ ሴት ሥራ የላትም እንዴ? እላለሁ በሆዴ። በዚያ ላይ በኦቾሎኒ የተሠራ ኩድራ በየቀኑ እየላከች እማዬን አወፈረችብኝ። ሆዷ እያደር ሲገፋ ጥፋቱን ሁሉ ለዚያ ኩድራ ሰጠሁት። እውነቱን የነገረኝ ሰው የለም፤ እናቴ ያልተወለደ ልጅ ስም መጥራት ፈርታ ነበር፣ ሌላውም በእሷ ፍርሃት ዝም አለ።

ዝናቡ በበረታበት ወር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ እኔ ኒሙ ሥር የጠርሙስ ክዳኖቼን እደረድራለሁ። እማዬ ጠዋት "ወገቤን ትንሽ" ብላ ገብታ ተኝታለች። ረፋዱ ላይ ወደ መታጠቢያ ስትሄድ አይቻለሁ፤ ስትመለስ አላየሁም። ልብም አላልኩ። እኩለ ቀን ሆነና ያው ጥሪ መጣ።

"ሉሊት! ኢታ ፊ?"

መልስ የለም። እኔ ክዳኖቼን እቆጥራለሁ።

"ሉሊት!"

ከዚያ አጥሩ ተንጫጫ። ሸንበቆው ወደ ውስጥ ጎበጠ፣ ተሰበረ፤ በስብርባሪው መሃል ማማ ኪደን እጇ እየደማ ገባች። ዞራ በመንገዱ መምጣት ትችል ነበር፤ አልዞረችም። እኔ ያመንኩት ስላልመለስንላት ተቆጥታ ቤታችንን ልታፈርስ መጥታለች ብዬ ነው። "እማዬ፣ አጥራችንን ሰበረችው!" ብዬ ጮህኩ። አልፋኝ ወደ መታጠቢያው ሮጠች።

ቀጥሎ የሆነው ሁሉ በቁርጥራጭ ነው የሚታየኝ። ማማ ኪደን ስትጮህ ሴቶች ከየግቢው ጎረፉ፤ አንዷ እጇ በሊጥ ተለውሷል። እማዬን በፍራሽ ተሸክመው ሲያወጧት ፊቷ ወደ እኔ ዞረ፣ ግን አላየኝም። መንገድ ላይ ውሃ የሚያዞር ቦቴ ያልፍ ነበር። ማማ ኪደን መሃል መንገድ ላይ ቆማ በሁለት እጇ አስቆመችው። ሾፌሩ ገና ሳይጠየቅ በሩን ከፈተ፤ ጎተቱ፣ ገፉ፣ እማዬን ጋቢናው ውስጥ አስገቧት፤ ማማ ኪደን ከኋላዋ ዘለለች። ቦቴው ጭቃውን እየረጨ ሄደ። እናቴን በውሃ የለወጧት መሰለኝ። አስፋልቱ ድረስ እየጮህኩ ሮጥኩና አንዲት ልጅ ወገቤን ይዛ መለሰችኝ።

ያን ዕለት በማማ ኪደን ቤት አደርኩ። አማቷ፣ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት፣ ኩድራ አቀረቡልኝ፤ አልበላም አልኩ፤ ከዚያ በላሁ። ለአባቴ ስልክ የደወለለት እሱባለው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሞክር ውሎ ሲመሽ ገባለት። በሦስተኛው ቀን አባቴ ደረሰ። ሆስፒታል ደርሶ፣ እማዬ መትረፏን በዓይኑ አይቶ ሲመለስ ሰው መሆኑ ቀርቶ ጨርቅ ሆኖ ነበር። ምን እንደሚያደርግ ስለጠፋበት ሚስማርና መዶሻ ፈልጎ የተሰበረውን አጥር ሊጠግን ቆመ። ጥቂት ካየው በኋላ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ስብርባሪውን በእጁ ጠራርጎ መተላለፊያውን አሰፋው። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የማመሰግነው ብዙ ሰው አለኝ፦ የቦቴውን ሾፌር፣ ስሙን እንኳ አላወቅንም፤ ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ የሮጠችውን ሴት፤ ማንጋቴንን "ለናንተ አይሆንም" እያለም ያሳየንን እሱባለውን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዞሮ መምጣት የረዘመባትን ያቺን ሴት። እግዜር ዕድሜ ይስጣት።

ማማ ኪደን ግን ከአባቴ ቀድማ፣ እማዬ በተወሰደች በማግስቱ ጠዋት ነው የመጣችው። እኔ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ እንዳኮረፍኩ። ያው ትናንት የለበሰችው ቀሚስ ነው፤ ደም ደርቆበታል፤ እጇ በጨርቅ ታስሯል፤ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። እኔን ስታይ እየሳቀች ሁለት ክንዷን አጥፋ ባዶ አየር እሽሩሩ አለች።

"አኩ ታኪ ፊ!" አለችኝ። ወንድምሽ አለ።

ቤት የተሳሳተች መሰለኝ። ይቺ ሴት አጥር ሰብራ፣ እናቴን ወስዳ፣ አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ወሬ ይዛልኝ መጣች። ወንድም የሚባል ነገር እንደሌለኝ፣ ኖሮኝም እንደማያውቅ፣ በምችላት አረብኛ አረምኳት፦ "አኩ ማፊ!"

ማማ ኪደን ሳቋን አቆመች። ጭቃው ላይ ተንበርክካ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ አንደኛው ጨርቅ የታሰረበት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ብዙ የምሥራች ነግሮኛል፤ ወንድሜ አክሊል አሁን ከእኔ በቁመት በልጦ በየቀኑ ያበሽቀኛል። እንደዚያች ሴት አድርጎ የነገረኝ ግን የለም። ጮክ ብላ አልነበረም፤ ቀስ ብላ፣ ዓይኔን እያየች፣ ሦስት ጊዜ ነው ያለችው።

"ፊ" አለችኝ። "ፊ። ፊ።"

አለ።